በካላንደር የተለበደው ግመል

ሳቢት አብዶሽ መጽሐፍ ማንበብ ከጀመረ በኋላ የመጽሐፍ ሽፋን በእጁ እስኪይዝ ድረስ ሰባት ዓመት አልፏል። ይህ የሆነው በሥራው ምክንያት ነው። ጭሮ ገበያ ውስጥ፣ የጫት አይሱዙዎች ከሚጫኑበት ሜዳ ዳር፣ የቅመም ሱቅ አለችው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት ሱቅ ናት። ኮረሪማ፣ አብሽ፣ እርድና ጥቁር አዝሙድ ይሸጥባታል። ቅመሙ የሚጠቀለለው በወረቀት ነው። ወረቀቱ ከአዳማ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቆ ይመጣል፤ ውስጡ የፈተና ወረቀት፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ጋዜጣና የተገነጠለ መጽሐፍ ተደባልቆ ይገኛል። ሽፋን ግን አይገኝም። ሽፋን ወፍራም ስለሆነ አይጠቀለልም፤ ወረቀት ሻጮቹ እዚያው ነቅለው ያስቀሩታል።

እስከ አርባ ሦስት ዓመቱ ድረስ ለሳቢት ይህ ሁሉ ወረቀት አንድ ነበር፤ ደረቁ ጥሩ ነው፣ እርጥቡ መጥፎ ነው። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ እርዱን ተቀብሎ ሲያበቃ ደጃፉ ላይ ቆመና የተጠቀለለበትን ወረቀት እያነበበ ብቻውን ሳቀ።

«ምን ይላል?» አለው ሳቢት።

«አይ፣ መጨረሻው የለም» ብሎት ሄደ።

ሳቢት ያን ቀን ተናደደ። ከገዛ እጁ፣ ከገዛ ሱቁ ሳቅ እየወጣ ይሸጣል፤ እሱ ግን ምን እንደሚያስቅ አያውቅም። በማግስቱ የፊደል ገበታ ገዝቶ ከሚዛኑ ኋላ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ ማንበብ የሚችል ደንበኛ እንደ ዋዛ አይወጣም። እሩብ ኪሎ ኮረሪማ የሚገዛ ሰው አንድ ፊደል ሳይናገር ዕቃው አይሰጠውም ነበር። የቸኮሉ ይነጫነጩ ነበር፤ ግን ይነግሩታል። በዓመቱ ገበታውን ጨረሰ። ማንም ክፍል አስገብቶት አያውቅም፤ ይህን ሲናገርም አንገቱን ቀና አድርጎ ነው።

ከዚያ ሁሉንም ማንበብ ጀመረ። ችግሩ ግን አንድም ነገር መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። ከገጽ አርባ አምስት እስከ ስልሳ ያለው ይገኛል፤ ሰውየው ጉድጓድ አፋፍ ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሏል፤ ስልሳ አንደኛው ገጽ ትናንት ከአብሽ ጋር ሄዷል። ሳቢት እንዲህ ባለ ጊዜ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ መጨረሻውን ራሱ ይጨርስለታል። ሰውየውን ከጉድጓዱ ያወጣዋል፤ አንዳንዴም አያወጣውም፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሌላ ከተማ ይሠራለታል። መጀመሪያ ለሚስቱ ለኡምኩልሱም ነገራት፤ ቀጥሎ ለደንበኞቹ፤ ኋላ ደብተር ገዝቶ መጻፍ ጀመረ። የተወለደበት ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ የጻፈው ግን ወረቀቶቹ በተጻፉበት በአማርኛ ነው። ታሪክ በደብተር ላይ ሲቀመጥ በዚያ ቋንቋ ብቻ የሚሆን ይመስለው ነበር።

በስልሳ ሁለት ዓመቱ የመጀመሪያው መጽሐፉ ታተመ። «ባለበሩ ግመል» ይባላል። ሚኤሶ ባቡር ሐዲድ ዳር አንድ ሰማያዊ ግመል አለ። ሻኛው ላይ በር አለው። በሩን ከፍቶ የገባ ሰው፣ ሚኤሶ ላይ ሳይዘንብ የቀረ ዝናብ ሁሉ ተጠራቅሞ ወደሚገኝበት ሀገር ይደርሳል። እዚያ ሀገር ለእያንዳንዱ የድርቅ ዓመት አንድ አንድ ሐይቅ አለ። የጭሮ ሰው ያነበበው እየሳቀ ነው፤ የሚኤሶ ሰው ግን ሳይስቅ ነው ያነበበው።

ሽፋኑን የሣለው ጉርሜሳ ነበር። ጉርሜሳ የአይሱዙ ሠዓሊ ነው። ከሒርና እስከ ሚኤሶ ባለው መንገድ የሚያልፍ መኪና ጎኑ ላይ አንበሳ ካለው፣ አንበሳው ደግሞ ትንሽ ሸውረር ካለ፣ የጉርሜሳ እጅ ነው። ሳቢት ሊያዘው ሲሄድ አንድ መኪና ሥር ተጋድሞ አገኘው።

«ግመል ሣልልኝ።»

«ግመል ሥዬ አላውቅም። የምሥለው አንበሳ ነው።»

«መጽሐፉ ውስጥ አንበሳ የለም።»

«አንድ ብታስገባበት ምን ትሆናለህ? መጽሐፉ ያንተ አይደል?»

«ግመል ነው ያልኩህ፣ ጉርሜሳ።»

«እሺ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው ወደ ውጭ?»

ሳቢት ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ሳቢት እስኪወስንለት ድረስ ጉርሜሳ ብሩሹን አላነሣም። በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ኮምፔርሳቶ ላይ ሰማያዊውን ግመል ሣለው፤ አንድ እግሩ ሐዲዱ ላይ፣ ከሻኛው በር ቢጫ ብርሃን እየወጣ፣ ዓይኑም እንደ አንበሶቹ ትንሽ ሸውረር ያለ። ሳቢት መጥቶ አየው። ልክ ያሰበው ግመል ነበር።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መጽሐፍ እንዲህ አልሆኑለትም። የሁለተኛውን ሽፋን ማተሚያ ቤቱ «እኛ እናዘጋጃለን» ብሎ አዘጋጀው። መጽሐፉ ሲመጣ ፊቱ ላይ በረዶ የለበሰ ቤተ መንግሥት፣ ግንባሩ ላይ ቀንድ ያለው ፈረስ፣ ፈረሱም ላይ ፀጉሯ ቢጫ የሆነ ሴት ተቀምጣለች። መጽሐፉ ውስጥ በረዶም፣ ቤተ መንግሥትም፣ ሴትዮዋም የሉም። ከመቻራ ኦብሳ የሚባል ቡና ሰብሳቢ ደወለ።

«ኦቦ ሳቢት፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሴትዮዋን አላገኘኋትም። ገጽ ጎድሎብኝ ይሆን?»

ሳቢት ተሳስተውብኛል ማለት አልወደደም። «በሦስተኛው ትመጣለች» አለው።

እንደዚያ ካለ በኋላ ማምጣት ግድ ሆነበት። በሦስተኛው መጽሐፍ ባለቢጫ ፀጉሯ ሴትዮ ሚኤሶ ጣቢያ ላይ ወረደች። አርብቶ አደሮቹ የውኃ ኮዳቸውን በፈረሷ ቀንድ ላይ ሰቀሉ። እሷ በረዶ ጠየቀች፤ እነሱ የግመል ወተት ሰጧት፤ ወተቱን ጠጥታ እዚያው ቀረች። ዛሬ አንባቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት እሷን ነው። ሳቢትም ይወዳታል፤ ግን ከማተሚያ ቤቱ የመጣች እንግዳ መሆኗን ለማንም አይናገርም።

ለሦስተኛው መጽሐፍ ሳቢት ተጠነቀቀ። ሥዕል ከሚሳሳቱብኝ ብሎ የራሱን ፎቶ ላከላቸው፤ ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ። እነሱም ፎቶውን በጥቁር መስመር ከበቡት። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ሳቢት ምሳ እየበላ ስልኩ ጮኸ።

«የኦቦ ሳቢት ቤት ነው?»

«ነው።»

«ባየች እባላለሁ፣ ከመሰላ ነው። እግዜር ያጥናችሁ። መጽሐፋቸውን ያየሁት ዛሬ ነው። ጥሩ ሰው ነበሩ።»

«ማን?»

«ኦቦ ሳቢት።»

«ሳቢት እኔ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ ዶሮ ሲጮኽ ተሰማ። ሴትዮዋ ቆይታ፣ «ታዲያ ጥቁሩን ለምን አደረጉት?» አለች።

«ለጌጥ ነው።»

«ለጌጥ» አለች ባየች። «እንግዲያው ዕድሜ ይስጥዎት።»

ኡምኩልሱም ይህን ሰምታ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀች። ሻይ ስታቀርብለት «ነፍስ ይማር፣ ስኳር ልጨምርልህ?» ትለው ነበር።

ስለዚህ ከሦስቱ ሽፋኖች ሳቢት የራሴ የሚለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ያም ቢሆን አንድ እሾህ ነበረበት፤ እሾኹም ሙሚና ናት።

ሙሚና የጫት ነጋዴ ናት። መደቧ ከሳቢት ሱቅ በሃያ እርምጃ ላይ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሆነዋል። «ባለበሩ ግመል» የወጣ ቀን መጀመሪያ የገዛችው እሷ ነበረች። ራሷ አታነብም፤ ልጇ ፈርዶሳ ጫት እየለየች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላታለች፣ በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ሁሉ ይሰማሉ። ሳቢት ከሱቁ ሆኖ የገዛ ቃሉ ከገበያው ጫጫታ መሃል ብቅ ሲል ሲሰማ፣ ሚዛኑን የሚያይ መስሎ ያዳምጥ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ታዲያ አንድ ጠዋት ወደ መደቧ ጎራ አለ። ፈርዶሳ ከከረጢት ላይ አንድ ነገር አነሣች። የባንክ ካላንደር ነው፤ ወሮቹና በዓላቱ ይታያሉ። ገለጠችውና ማንበብ ጀመረች። የሳቢት መጽሐፍ ነው። ግመሉ የለም። ከላይ እስከ ታች በካላንደር ወረቀት ተለብዷል።

ሳቢት ዞሮ ወደ ሱቁ ተመለሰ። አርባ ዓመት ወረቀት ሲጠቀልል የኖረ ሰው ነው፤ በእሱ ሥራ በወረቀት የሚጠቀለል ነገር አይከበርም፤ ቤት ሲገባ ወረቀቱ ተቀዶ ይጣላል። ሰው የሚሸፍነው ደግሞ የሚፈስሰውን ወይም የሚያፍርበትን ነው። መጽሐፍ አይፈስስም። ሙሚና በዚያው ሰሞን ሐጅ አድርጋ ተመልሳለች፤ ሐጂያ ሆና የእንስሳ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ይዛ መታየት ከበዳት ማለት ነው፣ አለ በልቡ። ወይም ሸውራራው ዓይን አሳፈራት። የልጆቹ ደብተር በየዓመቱ እንደሚለበድ ያውቃል፤ ይህ ግን የትምህርት ቤት ትእዛዝ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። ትለብድላቸው የነበረችውም እናታቸው ናት፤ እሱ በዚያ ሰዓት ሱቅ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታው አጠረ። ሐረርጌ ውስጥ ሰላምታ ማሳጠር ቀላል ነገር አይደለም። ድሮ «አከም ቡልቴ» ብሎ ጀምሮ፣ ልጆቹን፣ ጤናውን፣ ዝናቡን፣ የበዴሳን መንገድ ጠይቆ ነበር የሚያልፈው። አሁን «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ያልፋል። ይባስ ብሎ ሠላሳ ዓመት «አንቺ» ያላትን ሴት «እርስዎ» ማለት ጀመረ። ሙሚናም በበኩሏ ለኡምኩልሱም፣ «ባልሽ ደራሲ ሆነና ከእኛ ጋር መቆም ቀረበት» አለቻት። ኡምኩልሱም ለባሏ ነገረችው። ሳቢት ዝም አለ። የሰው ልጅ ሲኮራ ዝምታ ብዙ ሥራ ይሠራለታል።

በራሱ በኩል ግመሉን የማይደብቅ መሆኑን ለማሳየት፣ የቀሩትን አሥራ አንድ ቅጂዎች ከሱቁ ፊት በመስታወት መደርደሪያ ላይ ደረደራቸው። የሱቁ ፊት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጠዋት ፀሐይ ነው።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከማተሚያ ቤቱ ተደወለለት። «ባለበሩ ግመል» እንደገና ሊታተም ነው። ሳቢት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ችግር አለ» አለ በስልኩ ያለው ሰው። «የድሮው ሽፋን ኮምፒውተራችን ላይ የለም። ንጹህ ቅጂ ካለዎት እስከ ሐሙስ ይላኩልን። ካልሆነ ግን አይጨነቁ፣ እኛ እናዘጋጃለን።»

ሳቢት «እኛ እናዘጋጃለን» ሲባል ቀንድ ያለው ፈረስ ደጁ ላይ ሲያንኮራፋ የሰማ መሰለው።

ስልኩን ዘግቶ ወደ መደርደሪያው ሄደ። አሥራ አንዱንም ቅጂ አንድ በአንድ አወጣ። የሦስት ዓመት የጠዋት ፀሐይ በልቷቸዋል። ሰማያዊው ግመል አመድማ ሆኗል፤ የበሩ ብርሃን ጠፍቷል፤ በአንዱ ላይማ ግመሉ ራሱ ጠፍቶ ሐዲዱ ብቻ ቀርቷል። በየቀኑ እያያቸው ነው የነጡት፤ በየቀኑ ስላያቸው ግን አላያቸውም።

ሱቁን ዘግቶ ወደ ጉርሜሳ ቤት ሄደ። ጉርሜሳ ዓይኑን የዓይን ሞራ ይዞታል፤ የዓይን ሐኪሞች ወደ ጭሮ እስኪመጡ ወረፋ ይጠብቃል። ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘው።

«ኮምፔርሳቶው የት አለ?»

«ሣራን ጠይቃት» አለ ጉርሜሳ፤ ከአጠያየቁ ጥሩ ነገር እንደማይመጣ አውቆ።

ሣራ፣ የጉርሜሳ ሚስት፣ እጇን እየጠራረገች ከጓሮ ወጣች። ሳቢትን ወደ ጓሮ ወሰደችው። ኮምፔርሳቶው የዶሮ ቤቱ በር ሆኗል። ሦስት ክረምት ዘንቦበታል። ከግመሉ አንድ ጉልበት ብቻ ቀርቷል።

«አፉ በሉኝ፣ ኦቦ ሳቢት» አለች ሣራ። «በር አለው ሲባል እኮ ነው ለበር ያደረግሁት። ዶሮዎቹ ግን ደስ ብሏቸዋል።»

«እንደገና ሣለው» አለው ሳቢት፣ ወደ ጉርሜሳ ተመልሶ።

«አሁን ብሥለው ፍየል ነው የሚወጣልህ። ፊትህን ራሱ የማውቀው በድምፅህ ነው።»

ማክሰኞ ሳቢት በሚኒባስ ወደ ሚኤሶ ወረደ። አክረም የሚባል ጎሚስታ ግመሉን እንደ ዘመዱ ይወድ እንደነበር ያስታውሳል። አክረም ሲያየው ተነሥቶ እጁን ሳይጠርግ ጨበጠው፣ ወዲያውም ወደ ግድግዳው እየጎተተ ወሰደው። ሽፋኑን ከመጽሐፉ ቆርጦ፣ ከጎማ መንፊያው በላይ ለጥፎታል። ከግሪሱና ከአቧራው የተነሣ ግመሉ ጥቁር ነው፤ ሾፌሮቹ ለመልካም መንገድ እየነኩት ሻኛው ተቦርቡሯል።

«ሳይነካው የሚያልፍ የለም» አለ አክረም በኩራት።

ሳቢት ምን ይበለው? አመስግኖት ተመለሰ። በመንገድ ላይ ወደ ኦብሳ ደወለ። የእሱ ቅጂ ከመቻራ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከሰው ወደ ሰው ሄዶ አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ቤት ሲገባ ኡምኩልሱም ፊቱን አየች። ራት አቀረበችለት። ቆይታ፣ «ከሙሚና ዘንድ አለ» አለች።

«እሷ ጋ አልሄድም። ያፈረችበትን ነገር አምጪ ልበላት?»

«ማፈሯን ጠይቀሃታል?»

«እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።»

«እንግዲያው ተቀመጥ» አለች ኡምኩልሱም ሳህኑን እያነሣች። «ግመሉም ቢጫ ፀጉር ያብቅል።»

ረቡዕ ጠዋት ሳቢት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ኮቱን ለብሶ ወደ ሙሚና መደብ ሄደ። ሃያ እርምጃ ነው፤ በመሃል ሁለት ጊዜ ቆሟል። ሙሚና በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጫቱን እየለየች፣ እያሰረች፣ እርጥብ ቅጠል እያለበሰች ወደ ጎን ትደረድራለች። ፈርዶሳ አጠገቧ ናት።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ዛሬ ቆምክ?» አለች ሙሚና ቀና ሳትል። «ወይስ የጫማህ ክር ተፈታ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

ሙሚና ዘወር ብላ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ አየች። «ማንን ነው የምታናግረው? ከኋላዬ ሰው አለ እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቢት ኮቱን አስተካከለ።

«መጽሐፉን ለአንድ ቀን ብታውሱኝ። የግመሉን።»

«ደራሲው አንተ፣ መጽሐፍ ለማኝም አንተ?»

«ያሉኝን ፀሐይ በላቸው።»

ሙሚና ለፈርዶሳ ምልክት ሰጠቻት። ፈርዶሳ ከመደቡ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ጎትታ ከፈተች፤ ከገንዘብ ቦርሳውና ከሙሚና የመድኃኒት ከረጢት ሥር መጽሐፉን አወጣች። እንደዚያው በካላንደር ተለብዷል። ከሦስት ዓመት በፊት ካየው ይልቅ ደግሞ ወፍሯል። ሳቢት ሦስት ዓመት የዋጠውን አወጣው።

«ይህን ያህል ካሳፈረሽ፣ ለምን ገዛሽው?»

ሙሚና እጇ ላይ ያለውን እስር አስቀመጠች። «ምኑ ነው ያሳፈረኝ?»

«ግመሉ። ሥዕሉ። ይኸው ሸፍነሽዋል።»

ሙሚና መልሳ እስሩን አነሣችና ወደ እሱ ዘረጋችው።

«ይህን ጫት ምን አድርጌዋለሁ?»

«በቅጠል ጠቅልለሽዋል።»

«ደብቄው ነው?»

«እንዳይጠወልግ ነው።»

«ያንተ ግመል አይጠወልግም?»

ሳቢት ዓይኑን ወደ ካላንደሩ መለሰ።

«ሙስሐፌን፣ ቁርኣኔንስ በጨርቅ ጠቅልዬ የማስቀምጠው አፍሬበት ነው? ላወዳድር አይደለም፣ አስተግፊሩላህ። ነገሩ እንዲገባህ ነው። እዚህ ያለነው ሁላችንም እጃችን እርጥብ ነው። መጽሐፉ ከአንዷ ወደ አንዷ ይሄዳል፣ አወዳይ ደርሶ ይመጣል። ሳይለበድ እንዴት ይቆያል? ሳቢት፣ ሦስት ዓመት በ‹እርስዎ› ያሳደርከኝ ለዚህ ነው?»

«እኔ በወረቀት የምጠቀልለው ነገር» አለ ሳቢት፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «ቤት ሲገባ ይቀደዳል።»

«አንተ ቅመም ሻጭ ነህ። ምን ታድርግ» አለች ሙሚና። «እኔ ደግሞ ደራሲ ሲኮን ጆሮ ይጠፋል ብዬ ነበር። ፈርዶሳ፣ ፍቺው።»

ፈርዶሳ ጥፍሯን ከጠርዙ ሥር አስገብታ የላይኛውን አወጣች። የሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ካላንደር ነው። ከሥሩ የአሥራ ስድስት አለ። ከሥሩ የአሥራ አምስት። ሙሚና አሮጌውን ሳትነቅል በየዓመቱ አዲሱን ከላይ ስትደርብ ኖራለች። አንዱ ላይ የውኃ ክብ አለ፣ አንዱ ላይ የሒና ጣት አሻራ፤ የመጨረሻው የአሥራ ሦስት ነው።

«አሥራ አራት የት ሄደ?» አለ ሳቢት፣ ሌላ የሚናገረው ቢያጣ።

«የዚያ ዓመት ከባንኩ የሰጡኝ የኪስ ነበር።»

የአሥራ ሦስቱም ወጣ። ግመሉ ብቅ አለ። ሰማያዊነቱ ሳቢት ያስታውሰው ከነበረው ይበልጣል። የበሩ ብርሃን የእንቁላል አስኳል ይመስላል፤ ዓይኑ እንደ ድሮው ሸውረር ብሎ አንዱ ሳቢትን፣ አንዱ ሙሚናን ያያል። ሳቢት መጽሐፉን ወደ ፊቱ አስጠጋ። ከበሩ ደፍ ላይ፣ ከግመሉ ሻኛ ውስጥ፣ የጣት ጥፍር የሚያክል ትንሽ ሰውዬ ቆሟል። እንደ ሳቢት ኮፍያ አድርጓል። በእጁ የቅመም ሚዛን ይዟል። ሳቢት ረስቶት ነበር። ከአሥራ አንዱ ቅጂዎች ላይ መጀመሪያ የጠፋው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሙሚና አላጣደፈችውም። ጫቷን መለየት ቀጠለች። ቆይታ፣ «ዛሬውኑ ትመልሰዋለህ» አለች። «ራስህ ትለብደዋለህ። እኔ እጄ ላይ ሥራ አለ።»

ሳቢት መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሐዊ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ። ሐዊ ወጣት ናት፤ ሽፋኑን መስታወቱ ላይ አስተኝታ ስታነሣው ስክሪኑ ላይ የወጣውን እያየች፣ «ጋሼ፣ ይህን የሠራው የየት ሀገር ሰው ነው?» አለችው። «የእዚሁ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችሁ ጀርባ ነው የሚኖረው» አላት። ከምሳ በፊት ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ተላከ። «ደርሶናል፣ ቆንጆ ነው» የሚል መልስ መጣ። ሳቢት ሐዊን ሦስት ጊዜ ደጋግማ እንድታነብለት አደረገ፤ ራሱ ማንበብ አቅቶት አይደለም።

ሲመለስ በጉርሜሳ ቤት አለፈ። ጉርሜሳ መጽሐፉን አፍንጫው ላይ እስኪነካ አስጠግቶ አዞረው።

«ሰማያዊ ይታየኛል» አለ። «ትንሹ ሰውዬ አለ?»

«አለ።»

«ሚዛኑስ?»

«ይዟል።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አለና መለሰለት።

ከሰዓት በኋላ ሳቢት በሙሚና መደብ ላይ በርጩማ ተሰጥቶት ተቀመጠ። ፈርዶሳ የካላንደር ወረቀት አመጣችለት። አርባ ዓመት ወረቀት ያጠፈ እጅ መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ግራ ተጋባ፤ ማዕዘኑን ሲያጥፈው እንደ አዝሙድ ጥቅልል ሾጠጠ። ሴቶቹ ይስቁበታል። «እሩብ ኪሎ ነው ግማሽ ኪሎ?» ትለዋለች አንዷ። ሁለተኛውንም አበላሸ። በሦስተኛው ፈርዶሳ ጎኑ ቁጭ ብላ መጀመሪያ ጀርባውን፣ ቀጥሎ ጠርዙን፣ በመጨረሻ ማዕዘኑን እያሳየችው ለበደ። ካላንደሩ ላይ መስከረምና ጥቅምት ወጡ፤ ግመሉ ገባ። ሲነሣ ሙሚና፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» አለችው፤ እሱም ቆሞ ልጆቹን፣ ዝናቡን፣ የበዴሳን መንገድ፣ የሙሚናን ጉልበት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቃት። ሱቁ ያን ቀን ከሰዓት አልተከፈተም።

በጥር አዲሱ እትም ከአዳማ መጣ። ሳቢት ካርቶኑን ቆረጠና የላይኛውን አነሣ። ግመሉ አለ፣ ብርሃኑ አለ፣ ትንሹ ሰውዬም ሚዛኑን ይዟል። ወደ መስታወት መደርደሪያው አየ፤ ፀሐይዋ እዚያው ናት። ካርቶኑን መልሶ ገጠመና አንዱን ቅጂ ብቻ በብብቱ ይዞ ሃያውን እርምጃ ተራመደ።

«አከም ቡልቴ፣ ሙሚና። ይህ የአንቺ ነው።»

ሙሚና እጇን በጨርቅ ጠርጋ ተቀበለችው። ወደ ብርሃን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከሐዲዱ እስከ ሻኛው ጣቷን ሳታስነካ ከላዩ አሳለፈች። ከዚያ ከሣጥኑ ውስጥ ያለፈውን ዓመት ካላንደር አወጣችና ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«ቆይ፣ እኔ ነኝ የማውቀው» አለ ሳቢት፣ ጎንበስ ብሎም ማዕዘኑን እንዳይነሣ በጣቱ ያዘላት።